የፊደሉ ቅል

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ መንገዱን ታውቁት ይሆናል፤ መንገዱን ካወቃችሁት ደግሞ ነገ ሄዳችሁ «እገሌ እንዲህ ብሎ አማችሁ» ማለታችሁ አይቀርም። እኔ አርጅቻለሁ፤ ነገር አልፈልግም። ከሁለት ወንዝ ማዶ፣ ከአንድ ተራራ ጀርባ ነው እንበልና እንለፈው። ሰዉ ደግ ነው፤ ምድሩ ያበቅላል። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት፤ ቅሉ።

የዚያ አገር ሕግ እንዲህ ነው። ለንጉሡ አቤት የሚል ሰው መጀመሪያ ከቤተ መንግሥቱ በር ላይ ከተሰቀለው ቅል ፊት ይቆማል። ቅሉ ውስጥ ከቀንድ የተቀረጹ ሃያ ስድስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። የቅሉ አዛዥ ጠዋት ቅሉን ሦስት ጊዜ ይነቀንቀዋል፤ ሦስት ፊደል ይወድቃል። አቤት ባዩ እነዚያን ሦስት ፊደላት በሆዱ የያዘ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጎ፣ የቀትሩ ነጋሪት ሳይመታ ትልቁ መጽሐፍ ፊት ቀርቦ መናገር አለበት። ቃሉ ከመጽሐፉ ከተገኘ ወደ ንጉሡ ይገባል። ካልተገኘ አገሩ ይገባና በዓመቱ ይመለሳል።

በዚያ አገር ታዲያ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው አልነበረም። አንድም። ሰዉ የሚጣላው፣ የሚታረቀው፣ የሚያለቅሰው በራሱ ቋንቋ ነው። ንጉሡም ቢሆኑ ሕልም የሚያዩት በእናታቸው ቋንቋ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከክፋት አይደለም፤ ይህን አደራ እወቁልኝ። በቀድሞው ንጉሥ ዘመን አንድ ፈረንጅ መንገደኛ ታሞ እዚያ አገር ወደቀ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል፤ እነሱ ግን ክረምቱን ሙሉ ወርቅ አድርገው አስታመሙት። ሲድን የሚሰጠው ቢያጣ የቃላት መጽሐፉን ሰጥቷቸው ሄደ። ንጉሡ «እንግዳ የሰጠን ነገር ሥራ ፈት ሆኖ አይቀመጥም፤ ነውር ነው» አሉ። ለመጽሐፉ ሥራ ተፈለገለት። ሥራውም ይኸው ሆነ። ከእንግዳ አክባሪነት የተወለደ ሕግ ነውና ማን ደፍሮ ይሽረዋል?

አንድ ሌላ ደንብ አለ። መጽሐፉ ፊት መጀመሪያ ከአፍ የወጣ ቃል፣ ያ ነው ቃሉ። ሁለተኛ የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደዚያ አዳራሽ የሚገባው አፉን በነጠላው አፍኖ ነው። አንድ ገበሬ ጥሩ ቃል ይዞ ገብቶ አስነጠሰው። አዛዡ «ይማርህ» ቢለው፣ ያስለመዱት አፉ «ያኑርዎ» ብሎ መለሰ። ተፈለገ፤ ከመጽሐፉ የለም ተባለ፤ ገበሬው እያለቀሰ ተመለሰ።

እኔ እዚያ የሄድኩት በአንድ ወይፈን ጉዳይ ነበር፤ የኛም መንደር ለዚያው ንጉሥ ነው የሚገብረው። ጎረቤቴ አያ ጓንጉል ወይፈኔን ከወይፈኖቹ ጋር ቀላቅሎ «የኔ ነው» አለ። በመጀመሪያው ዓመት ኪው፣ ቪና ዜድ ወደቁብኝ። በሁለተኛው ዓመት ኪውና ቪ ዜድን ትተው ኤክስን ይዘውልኝ መጡ። በሦስተኛው መመላለሱ ሰለቸኝና ከበሩ ትይዩ ካለው ሾላ ሥር ተቀመጥኩ፤ የሚሰማ ካለ እያጫወትኩ ተራዬን እጠብቃለሁ።

ከሾላው ሥር ቃል ለቃሚዎቹ ይቀመጣሉ። እነዚህ ሰዎች ቃላቱን ከአባቶቻቸው በቃል የተማሩ ናቸው፤ ልጅ ሳሉ እንደ ዳዊት በዜማ ያጠኗቸዋል። ሦስቱን ፊደል ስትነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይፈልጉልሃል። የሁሉም አውራ ቸኮል የሚባል ሰው ነበር። ስሙ ቸኮል ይሁን እንጂ እንደሱ ዝግ ያለ ሰው አላየሁም። አሥራ አንድ ሺህ ቃል በሆዱ ነበረ። የአንዱንም ትርጉም አያውቅም። ፊደል ግን እስከ ጥጉ ያውቃል፤ እንዲያውም እንግሊዝኛ ውስጥ ተጽፈው የማይነበቡ፣ ዝም ብለው የሚቀመጡ ፊደላት እንዳሉ ያስተማረኝ እሱ ነው። «ናይፍ በኬ ነው የሚጀምረው» ይለኛል። «ኬዋ የታለች?» እለዋለሁ። «አለች፤ አትናገርም እንጂ» ይለኛል። የኛን አገር ሕዝብ ትመስላለች ብዬ ዝም አልኩ።

ቸኮል አንድ ምኞት ነበረው። ቃል ለቃሚ ከበሩ እንዳያልፍ ሕግ ይከለክላልና፣ ዕድሜ ልኩን ቃላቱን የተሸከመለትን መጽሐፍ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። «አንድ ጊዜ፣ አንድ ገጽ ባይ» ይላል። ውሸት የማያውቅ፣ ፍርድ የማያጎድል ሰው ነበር። አንዳንዴም ያበዛው ነበር።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል እትዬ ደብሪቱ መጣች። አዋላጅ ናት፤ እጆቿ ሰፋፊ፣ ንግግሯ ቁርጥ ያለ። ቅሉ ተነቀነቀላትና ሦስቱን ቀንድ በመዳፏ ይዛ ወደ ሾላው መጣች። ጂ፣ ዜድ፣ ቢ።

ቸኮል ፊደላቱን አይቶ ትንፋሹን ሳበ። «ጉዳይሽ ምንድን ነው እትዬ?» አላት። ሥራው አይደለም፤ ግን ሁልጊዜ ይጠይቃል።

«ድልድይ ነው። ከኛ መንደርና ከማዶው መካከል ያለው የገመድ ድልድይ አምና ተበጠሰ። የወንዙ ዳርና ዳር የንጉሥ ስለሆነ ያለ ትዕዛዝ ችካል መትከል ክልክል ነው። ጭቃ ሹማችን መጥቶ ቃል አጥቶ ተመለሰ። ሁለቱን መንደር የማዋልደው እኔ ነኝ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አምና ነሐሴ ከማዶ ሲጣሩ ሰማሁ። ደብሪቱ፣ ደብሪቱ ይላሉ። ወንዙ ሞልቷል። ዳር ቆሜ ዋልኩ። ወደ ማታ መጣራቱን ተዉት።»



«ዘንድሮ ሐምሌ የምትወልደው ምራቴ ናት» አለች። «እሷም ከማዶ ናት።»

ቸኮል ዓይኑን ጨፈነ። ሌሎቹም ለቃሚዎች የያዙትን ሰው ትተው ጨፈኑ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። አንዱ ቃል አግኝቻለሁ ብሎ ተነሣ፤ ዜድ አልነበረበትም፤ ተቀመጠ። ሌላው ቢ ጎደለበት። ቸኮል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ቀትር ሲቃረብ፣ የነጋሪቱ መቺ እጁን ሲያፍታታ እያየን፣ ቸኮል ዓይኑን ገለጠ።

«ገዚቦ!» አለ።

«ምን?»

«ገዚቦ። ጂ አለው፣ ዜድ አለው፣ ቢ አለው። አንድ ይሄ ነው የመጣልኝ።»

«ምን ማለት ነው?» አለች ደብሪቱ።

«ትርጉም የተማረ በዚህ አገር የለም እትዬ።»

«እሺ ሰው ነው እንስሳ?»

«ስሙን ስሰማው የሚበላ ይመስለኛል» አልኩ እኔ። ቸኮል በዓይኑ ገሠጸኝ።

«ገዚቦ፣ ገዚቦ፣ ገዚቦ» እያለች፣ ሱቅ እንደተላከ ልጅ፣ አፏን አፍና ገባች። ከዚህ በኋላ ያለውን ከራሷ አንደበት ነው የሰማሁት፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ ብጨምርም ትንሽ ነው።

አዳራሹ ረጅም ነው። መጽሐፉ መድረክ ላይ ባለ አትሮንስ ላይ ተቀምጧል። መጽሐፉን መክፈት የተፈቀደላቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ አለቃ ዘርጋው ይባላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ገጽ የገለጡ ሰው ናቸው። በአርባ ዓመት ውስጥ የሌለውን አለ፣ ያለውን የለም ብለው አያውቁም። እሳቸው ያሉትን መጠራጠርም በሕግ ያስቀጣል። ከጎናቸው የቅሉ አዛዥ ደምለው ቆሟል። ደምለው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን ይወድዳል፣ ያ ብቻ ነው በሽታው።

አለቃ ዘርጋው ደብሪቱ ስትገባ ሰምተው ከወንበራቸው ተነሡ። ሦስት እርምጃ ሄዱ። ከመድረኩ ጠርዝ አንድ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ነበር፤ ማን እንዳስቀመጠው እንጃ። እግራቸው ገባበትና ወደ ፊት ተንገዳገዱ።

ደብሪቱ ምን ታድርግ? ሰው ሲወድቅ የማያነሣ እጅ እግዜር አልሰጣትም። ዘልላ ክንዳቸውን ያዘችና «አይዞዎት!» አለች።



«ቃሏ ወጣ!» አለ አዛዥ ደምለው። «ይፈለግ!»

«ኧረ እኔ…» ልትል አፏን ከፈተች።

«ሁለተኛ የለም!»

«ወንዙ መጣብኝ» አለችኝ በኋላ። «ያ ቡናማ ውሃ መጣብኝ፤ መጣራቱንም ሰማሁት። በገዛ አፌ ልጄን ገደልኳት አልኩ።»

አለቃ ዘርጋው ክንዳቸውን ከእጇ ቀስ ብለው አወጡ። ተመልሰው ተቀመጡ። መጽሐፉን ከፈቱ። ያኔ ነው ደብሪቱ ያየችው። ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶበታል፤ ሁለቱም ላይ፣ እንደ እርጎ የነጣ። ገጹን የሚፈልጉት በጣታቸው ውፍረቱን እየለኩ ነው። መዳፋቸው ወረቀቱ ላይ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። «እኔ ጨለማ ጎጆ ውስጥ ጽንስ የማገላብጥ ሴት ነኝ» ትላለች ደብሪቱ። «እጅ ሲያይ አውቃለሁ። እኚህ ሰው ካዩ ዘመን የላቸውም። መጽሐፉን በቃላቸው ነው የሚያነቡት።»

ይህ ቢታወቅ በዚያው ቀን ከሥራቸው ይሻሩ ነበር። ደብሪቱ ዝም አለች።

አለቃ ገለጡ፣ ገለጡ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያውቁታልና ቃሉ እንደሌለ ገና ከአፏ ሲወጣ ያውቃሉ። ግን መግለጡን አላቆሙም። ከዚያ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«አርባ ዓመት እዚህ ተቀመጥኩ፤ ስንቱ በዚህ በር አለፈ። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ልጄ።»

ቀና አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አለ! ገጽ አራት መቶ ሁለት፣ ከላይ ሦስተኛው መስመር።»

አዛዥ ደምለው አፉ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ እንደምንም ሰብስቦ «አለቃ፣ ማረጋገጥ ሥራዬ ስለሆነ ነው» አለ። «ጂ የታለ? ዜድስ? ቢ አልሰማሁም።»

«ውስጡ ናቸው።»

«አልተነበቡማ!»

«እንግሊዝኛ ተጽፈው የማይነበቡ ፊደላት እንዳሉት አታውቅም እንዴ?» አሉ አለቃ።

ደምለው አያውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ ከቅሉ ሥር የቆመ ሰው የሚችለው ነገር አይደለም። «አውቃለሁ እንጂ! እንዴት አላውቅም!» አለና በሩን ከፈተ።

ደብሪቱ ወደ ንጉሡ ገባች። በሕጉ መሠረት መጽሐፉም አብሮ ይገባል፤ አለቃ ዘርጋው ታቅፈውት፣ ደምለው ከኋላ። ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሸምገል ያሉ፣ ፊታቸው የከሳ ሰው ናቸው። ደብሪቱ እጅ ነሥታ ስትነሣ በመዳፋቸው ሦስት ቀንድ ይዘው አየች። ኪው፣ ኤክስ፣ ጄ።

ሕግ ሕግ ነው። ንጉሡም መጽሐፉ ፊት አንድ ትዕዛዝ ለመስጠት ቃል ማግኘት አለባቸው፤ የቀትሩ ነጋሪት ብቻ ለሳቸው አይመታም። ቅሉ ከተነቀነቀላቸው አምስት ወር ሆኗቸዋል። ከጥር ጀምሮ እዚያ ዙፋን ላይ ሆነው አቤት ባዩን ይሰማሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ያዝናሉ፤ አንድ ቃል መናገር አይችሉም። ከበሩ ውጭ ያለነው ሁላችን ንጉሡ ጨክነውብን ይመስለን ነበር። እሳቸው ኤክስ ይዘው ተቀምጠዋል ለካ!

ደብሪቱ ተናገረች። ስለ ገመዱ፣ ስለ ወንዙ፣ አምና ነሐሴ ስለሰማችው ድምፅ፣ ስለ ምራቷ። እስካሁን ችላ የቆየችውን እንባ እዚያ ጋ አልቻለችውም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።

ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሡ። «አይዞሽ ልጄ» አሉ።

ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አምስት ወር የጠበቁት ቃል በከንቱ ወጣ! ደምለው ላብ አጠመቀው፤ ንጉሥን «በዓመትዎ ይመለሱ» ማለት እንዴት ያለ ፈተና ነው? ሁሉም ወደ አለቃ ዘርጋው ዞረ።

አለቃ መጽሐፉን ከእቅፋቸው አላወረዱም። ሊከፍቱትም አልሞከሩ።

«እሱም አለ» አሉ። «እዚያው ገጽ፣ ከሥሩ።»

ንጉሡ በአንድ ትንፋሽ የአምስት ወሩን ትዕዛዝ አወረዱት። መጀመሪያ ድልድዩ። ከዚያ የፈረሰው ወፍጮ ቤት፣ ከዚያ የታሰሩት ሁለት ወንድማማቾች፣ ከዚያ ወጣቸው ሁልጊዜ ቀዝቅዞ መቅረቡ። ጸሐፊው እጁ እስኪዝል ጻፈ።

ድልድዩ በዘጠኝ ቀን አለቀ። ሐምሌ አሥራ ሰባት፣ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ሲያገሣ፣ ደብሪቱ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ በዝናብ ተሻገረች። ልጅቱ አስቸጋሪ ምጥ ነበራት። ቀኑን ሙሉ ደብሪቱ ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ ያንኑ አንዱን ነው ስትላት የዋለችው። ከሰዓት በኋላ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ እናቱም ደህና ሆነች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ወሬው ወጣ። ማንም ምን ፊደል ይውደቅበት፣ ገብቶ አለቃ ዘርጋው ፊት ይቆምና «አይዞዎት» ይላል። አለቃ ገጽ ይገልጣሉ፤ «አለ» ይላሉ። ደምለው ቅሉን ከማንም በበለጠ ትጋት ይነቀንቃል። ሕጉ አልተነካም፤ ቅሉም አልወረደም፤ የፈረንጁም ስጦታ ሥራ አልፈታ። ሰዉ ብቻ መግባት ጀመረ።

ቸኮል ግን ፊቱ ጠቆረ። ስለ ሙያው መስሎኝ «አይክፋህ፣ አሥራ አንድ ሺህ ቃል ለሌላ ነገር ይሆናል» አልኩት።

«እሱ አይደለም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያ ቃል እንግሊዝኛ አይደለም። ሁላችንም እናውቃለን። ነገሩ ደስ ይለኛል፤ ግን ውሸት ነው። ውሸት ላይ የቆመ በር አንድ ቀን ይዘጋል።»

እውነቱን ነበር።

ድልድዩ በተሠራ በአራተኛው ዓመት አለቃ ዘርጋው ዐረፉ። አገር አለቀሰላቸው፤ ደብሪቱ ከወንዝ ማዶ መጥታ ሬሳቸውን በእጇ አስተካከለች። ሰልስቱ ሳይወጣ ግን ለቅሶው ወደ ስጋት ዞረ። መጽሐፉን ማን ይከፍታል? ፊደል እስከ ጥጉ የሚያውቅ፣ ዓይኑ የጸዳ፣ በሐሰት የማይታማ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ንጉሡ ቸኮልን ሾሙት። የምንወደው ሰው በመሾሙ አዝነን አናውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን አዘንን።

የመጀመሪያው ተራ የማን ይመስላችኋል? የኔ! ለባሰበት ሁሉ ተራዬን ስለቅ ከርሜ ነው። ወይፈኑ አርጅቶ አያ ጓንጉል ቤት ሞቷል። እኔና ጓንጉል ከታረቅን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ ልጁን ለልጄ ድሯል። እኔ የምገባው ክሴን ለማንሣት ነበር፤ ክስ ማንሣትም ቃል ይጠይቃል።

ደምለው ቅሉን ነቀነቀ። ፊደላቱን አላየኋቸውም። ሌላ ቃል ይዤ ልግባ ብዬ አስቤ ነበር፤ ገዚቦን እንኳ አልረሳሁትም። ከውጭ ግን ከሾላው ሥር መቶ ሰው ቆሞ ያየኛል፤ እኔ ከተመለስኩ ሁሉም ተመላሽ ነው። ገባሁ።

ቸኮል አትሮንሱ ፊት ቆሟል። ዕድሜ ልኩን የተመኘው መጽሐፍ ፊቱ ነው፤ ሊነካው ፈርቶ እጁን ይዘረጋና መልሶ ይሰበስባል። ያን እጅ ሳየው መቶውም ሰው ሕጉም ከሐሳቤ ጠፋ። አሳዘነኝ።

«አይዞህ ቸኮል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ምነው ባታስዋሸኝ» የሚል አስተያየት ነበር። ከዚያ እጁን በልብሱ ጠርጎ መጽሐፉን ከፈተ። አንድ ቦታ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ ገጹ በራሱ ተገለጠ። ቸኮል ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ደምለው ተቁነጠነጠ። እኔም ሕጉን ጥሼ መድረኩ ላይ ወጣሁና በትከሻው ላይ አሻግሬ አየሁ።

ገጹ በደቃቅ የፈረንጅ ፊደል ተሞልቷል። በዚያ ላይ፣ መስመሩን ስቶ፣ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ወርዶ፣ አንዱ ፊደል ባንዱ ላይ ተደርቦ፣ በኛው ፊደል የተጻፈ አለ። ቀለሙ ሦስት ቦታ ተንጠባጥቧል። የሚጽፈውን የማያይ ሰው ጽሕፈት ነው። አይዞዎት ይላል። ከሥሩ አይዞሽ። ከዚያ ወረድ ብሎ፣ ቀለሙ ሊያልቅ ሲል የተጻፈ፣ አይዞህ።

ቸኮል ጣቱን እዚያች ላይ አሳረፈ። ከአሥራ አንድ ሺህ ቃል ውስጥ ትርጉሙን የሚያውቀው የመጀመሪያው ቃል ይኸ ነበር። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ፣ ከውጭ ወደሚጠብቀው ሰው አዞረ።

«ገጽ አራት መቶ ሁለት» አለ፤ ድምፁ እስከ ሾላው ድረስ ተሰማ። «አለ!»